የወርዋሪው ክርን



በዚህ ዓምድ ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ሕፃናት ትኩሳት ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ወደ ሩቅ አገር ጨዋታ ልወስዳችሁ ነው። ልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ በባሕር ማዶ የሚኖሩ አንባብያን ጥያቄያችሁ እየበዛ መጥቷል። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «የልጅ ልጄ አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ቤዝቦል ይጫወታል። ኳስ ወርዋሪ ነው። መልማዮች እየመጡ ያዩታል፤ ለድራፍት ይታሰባል ይላሉ። ነገሩ አይገባኝም፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ልስጋ?»

መልሴ አጭር ነው። ደስ ይበልዎት፤ ነገር ግን ሲደውልልዎት ከገንዘቡ አስቀድመው ስለ ክርኑ ይጠይቁት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ድራፍት ሲባል ቢራው እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ውስጥ 30 ክለቦች አሉ። እነዚህ ክለቦች በየዓመቱ ሐምሌ ወር ላይ ተራ በተራ ስም እየጠሩ ወጣት ተጫዋቾችን ይመርጣሉ። ከ2021 ጀምሮ ምርጫው 20 ዙር ስላለው በአንድ ዓመት ከ600 በላይ ወጣቶች ስማቸው ይጠራል። አንድ ክለብ የጠራው ልጅ በዚያ ዓመት ሊፈርም የሚችለው ከዚያው ክለብ ጋር ብቻ ነው። የአራት ዓመት ኮሌጅ የገባ ተማሪ ደግሞ ለምርጫ የሚቀርበው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ ጠያቂያችን የልጅ ልጃቸው ሦስተኛ ዓመት ላይ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ትልቅ ውሳኔ የሚወስንበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ደግሞ ይህን ያህል ይበቃል። የእኛ የገና ጨዋታ ዱላና እሩር እንዳለው ሁሉ ቤዝቦልም ዱላና ኳስ አለው። ልዩነቱ፣ በቤዝቦል ኳሷን ወደ መቺው የሚወረውር ለዚሁ ሥራ የተለየ ሰው መኖሩ ነው። በወርዋሪውና በመቺው መካከል ያለው ርቀት 18 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ነው። ኳሷ 145 ግራም ገደማ ትመዝናለች። በትልቁ ሊግ መካከለኛ የሚባለው ፈጣን ውርወራ በሰዓት 151 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መቺው ኳሷን አይቶ ለመወሰን ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አያገኝም። ጥሩ ወርዋሪ ያለው ቡድን ጨዋታውን በእጁ ያስገባል፤ ወርዋሪ እንዲህ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

መልማዩ ምን ያያል?

መልማይ ማለት ክለቡ ቀጥሮ በየኮሌጁ የሚያሰማራው የተጫዋች ፈላጊ ነው። ከመቺው ጀርባ ካለው መቀመጫ ላይ የፍጥነት መለኪያ ራዳርና ማስታወሻ ይዞ ይቀመጣል። ውጤት የሚሰጠው ከ20 እስከ 80 በሆነ መለኪያ ነው። 50 ማለት በትልቁ ሊግ መካከለኛ ተጫዋች የሚያክል ማለት ነው፤ 60 ከመካከለኛ በላይ ነው፤ 80 በጣም ጥቂቶች የሚያገኙት ነው። ለእያንዳንዱ ችሎታ ሁለት ቁጥር ይጽፋል፤ አንዱ ልጁ ዛሬ ያለበት፣ ሌላው ወደፊት ይደርስበታል ተብሎ የሚታሰበው።

በመጀመሪያ የሚመዘነው ፈጣን ኳሱ ነው። ቀጥሎ መንገድ ላይ የምትታጠፈው ኳስ፣ ከዚያም ፈጣን መስላ መቺውን የምታታልለው ቀርፋፋ ኳስ ትመዘናለች። ሁለት ዓይነት ብቻ የሚወረውር ልጅ ለአጭር ጊዜ ገብቶ የሚወጣ ወርዋሪ ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታን ጀምሮ ረጅም ሰዓት ለመቆየት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ያስፈልገዋል። ከዚያ ኳሷን ወደሚፈልገው ቦታ የመላክ ችሎታው ይታያል። ዛሬ ካሜራና ራዳር የኳሷን ሽክርክሪት ሳይቀር ይለካሉ።

ይሁን እንጂ ልምድ ያለው መልማይ ቁጥር ብቻ ይዞ አይመለስም። በመጀመሪያው ዙር የወረወረውን ፍጥነት በስድስተኛው ዙር መድገም ይችላል ወይ? ሲደክም ክርኑ ዝቅ ይላል ወይ? እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ይለዋወጣል ወይ? መቺው አርቆ ከመታበት በኋላ ይናደዳል ወይስ ረጋ ብሎ ቀጣዩን ይወረውራል? አሠልጣኝ ሲያርመው ይሰማል ወይ? ይህንን ለማወቅ አሠልጣኞቹን ይጠይቃል፤ ቤት ድረስ ሄዶ ከወላጆች ጋርም ይነጋገራል።

እኔ በነርስነት በኖርኩባቸው ዓመታት የተማርኩት አንድ ነገር፣ ሰውን በደንብ ማየት የሚባለው ሲደክም ማየት እንደሆነ ነው። ሕመምተኛው «ደኅና ነኝ» እያለ እጁ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ከሆነ የምናምነው እጁን ነው። ጎበዝ መልማይም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሆኖም እሱም የማያየው ነገር አለ። ከቆዳ በታች ያለውን ማየት አይችልም።

ሁሉም ያደነቀው ወርዋሪ

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ስቴፈን ስትራስበርግ የሚባል ወርዋሪ አለ። የተጫወተው ለዋሽንግተን ናሽናልስ ነው፤ ዋሽንግተን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ በመሆኗ ስሙን ከልጆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል።

ይህ ልጅ የካሊፎርኒያዋ ሳንዲዬጎ ተወላጅ ነው። በ2006 ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ከክለቦቹ አንዱም አልመረጠውም። ሰውነቱ ከባድ ነበር፤ በአካል ብቃትም ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ሳንዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቶኒ ግዊን በተባለው የቀድሞ ታላቅ ተጫዋች አሠልጣኝነት ሥር ሌላ ሰው ሆነ። በ2008 በአንድ ጨዋታ 23 መቺዎችን አንድ ኳስ እንኳ በሜዳ ላይ ሳያስገቡ አሰናበታቸው። በዚያው ዓመት በቤጂንግ ኦሎምፒክ ለአሜሪካ ሲሰለፍ በቡድኑ ውስጥ ብቸኛው የኮሌጅ ተማሪ ነበር። በ2009 13 አሸንፎ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የውርወራ ፍጥነቱም በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር። መልማዮች እንዲህ ያለ የኮሌጅ ወርዋሪ አላየንም እስኪሉ ድረስ አደነቁት። ዋሽንግተን በአንደኛ ተራ መርጦት በ15.1 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው።

ሰኔ 8 ቀን 2010 በትልቁ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ፤ 14 መቺዎችን አሰናበተ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 21 ቀን፣ ፊላደልፊያ ሜዳ ላይ አንድ ኳስ ወርውሮ እጁን አራገፈ። የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ነበር። በመስከረም መጀመሪያ በቀዶ ሕክምና ተጠገነ፤ ሜዳ የተመለሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

በ2012 ክለቡ ለክንዱ ሰግቶ፣ ቡድኑ ወደ ማጣሪያ እያለፈ ሳለ እንዳይወረውር ከለከለው። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ጋዜጦች ወራት ሙሉ ተከራከሩበት። በ2019 ግን ይኸው ልጅ ቡድኑን ለዋንጫ አብቅቶ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ወዲያው ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ፈረመ። ከዚያ በኋላ መወርወር የቻለው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። በአንገትና በትከሻ መካከል ነርቭና የደም ሥር የሚጨመቁበት ሕመም ያዘው፤ በ2021 ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ2024 በ35 ዓመቱ ጡረታ ወጣ።

ስትራስበርግ ከታደሉት አንዱ ነው፤ ዋንጫውንም ገንዘቡንም አግኝቷል። ታሪኩን ያነሣሁት በሌላ ምክንያት ነው። የዓለም ምርጥ መልማዮች ሁሉ አይተውት፣ ሁሉም ተስማምተውበት፣ ክርኑ ሦስት ወር እንደማይቆይ የነገራቸው ራዳር አልነበረም።

ክርን ውስጥ ያለው ጠፍር

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ክርናችሁን አጥፋችሁ ውስጠኛውን ጎን፣ ማለትም ወደ ሰውነታችሁ የዞረውን ጉብታ ንኩት። ከዚያ አጥንት ተነሥቶ ከታችኛው የክንድ አጥንት ጋር የሚያያይዝ አጭር ጅማት አለ። የጠፍር አልጋ የምታውቁ፣ እንደ አንድ ጠፍር አስቡት። ወርዋሪው ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ፊት ሲያስፈነጥር ትከሻው በሴኮንድ ከ7000 ዲግሪ በላይ በሆነ ፍጥነት ይዞራል። በሰው ልጅ አካል ላይ ከተለኩት እንቅስቃሴዎች ሁሉ ከፈጣኖቹ ይቆጠራል። ያንን ሁሉ ጉልበት ክርን ላይ ከሚሸከሙት አንዱ ያ አጭር ጅማት ነው።

ጡንቻ በልምምድ ይፈረጥማል። ጅማት ግን እንደ ጡንቻ ቶሎ አይጠነክርም። ስለዚህ ፍጥነቱ በየዓመቱ የሚጨምር ልጅ ሞተሩ እየበረታ፣ ማሰሪያው ግን የቀድሞው እንደሆነ ሊቀር ይችላል። ጠፍር አንድ ቀን ድንገት ቢበጠስም መላላትና መሳሳት የጀመረው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። የጅማቱም ነገር እንዲሁ ነው።

በ1974 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዶክተር ፍራንክ ጆብ የተባሉ ሐኪም ቶሚ ጆን የሚባል ወርዋሪን ከሌላኛው እጁ ላይ ጅማት ወስደው በተበጠሰው ቦታ ተከሉለት። እሳቸው የገመቱት የመመለስ ዕድል ከመቶ አንድ ነበር። ሰውየው በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ሕክምናው ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። ትልቅ በረከት ነው። ግን ከበረከቱ ጋር አንድ አጉል እምነት መጣ። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተጠየቁት የሁለተኛ ደረጃ ስፖርተኞች ግማሽ ያህሉ፣ ከወላጆችም ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት፣ ጉዳት የሌለበት ልጅ እንኳ ብቃቱን ለማሻሻል ይህንን ቀዶ ሕክምና ቢያደርግ ጥሩ ነው ብለው ያምናሉ። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ቀዶ ሕክምናው የተበጠሰውን ይተካል እንጂ አዲስ ጉልበት አይሰጥም። ወርዋሪ ለመመለስ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል፤ ያልተመለሱም አሉ።

ፎቶግራፍ ያየ ዓይን

ክለቦች ይህንን ስለሚያውቁ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ክንዱን ያስመረምራሉ። ምርመራው የአንድን ቤተሰብ ዕድል በአንድ ቀን የሚቀይርበት ጊዜ አለ።

በ1996 የቴክሳስ ክለብ አር. ኤ. ዲኪ የሚባል የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ወርዋሪ በመጀመሪያው ዙር መርጦ 810,000 ዶላር ሊሰጠው ተስማማ። ከክለቡ የጤና ባለሙያዎች አንዱ የልጁን ፎቶግራፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ሲያይ የክንዱ አቀማመጥ አላማረውም። ሲመረመር ያ ያልኳችሁ የክርን ጅማት ጭራሽ የለውም። የክፍያው ሐሳብ ወደ 75,000 ዶላር ወረደ፤ ልጁም በዚያው ፈረመ። ለዓመታት ከታች ሲንከራተት ቆይቶ ፍጥነት የማትጠይቅ፣ ሳትሽከረከር አየር ላይ የምትዋዥቅ ኳስ ተማረ፤ በ2012 የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ።

በቅርቡ ደግሞ ኩማር ሮከር የሚባል የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ወርዋሪ አለ። በ2019 በትልቅ የኮሌጅ ውድድር 19 መቺዎችን አሰናብቶ ተጋጣሚውን አንድ ጊዜ እንኳ በአግባቡ ሳያስመታ ወጣ። በ2021 የኒውዮርኩ ሜትስ በአሥረኛ ተራ መርጦት በ6 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። ከሕክምና ምርመራው በኋላ ግን ክለቡ ሳያስፈርመው ቀረ። በዚያው ዓመት ትከሻው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሚቀጥለው ዓመት የቴክሳስ ክለብ በሦስተኛ ተራ መርጦ በ5.2 ሚሊዮን አስፈረመው። በ2023 የክርኑ ጅማት ተበጠሰ፤ በ2024 መጨረሻ ላይ ትልቁ ሊግ ደረሰ።

ከሁለቱ ታሪኮች ወላጅ የሚማረው ይህን ነው። የልጁ የክንድ ታሪክ ከክለቡ ሐኪም በፊት በቤተሰቡ ዘንድ መታወቅ አለበት። መቼ አመመው፣ የት ታከመ፣ ራጅና ኤምአርአይ መቼ ተነሣ፣ ውጤቱ ምን ይላል፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ክለቡ ገንዘቡን የሚጠብቅ ሐኪም አለው፤ የኮሌጁ ቡድንም የራሱ አለው። ልጁም ለማንም ወገን የማይሠራ፣ ለእሱ ብቻ የሚናገር አንድ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ይፈርም ወይስ ይማር?

በሦስተኛ ዓመቱ የተመረጠ ልጅ ሁለት መንገድ አለው። ይፈርማል፤ ወይም እምቢ ብሎ ተመልሶ አራተኛ ዓመቱን ይማራል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች ለእያንዳንዱ ተራ ሊጉ ያወጣው የገንዘብ ተመን አለ፤ ልጁ «ካልሆነ ትምህርቴን እቀጥላለሁ» ማለት ስለሚችል መደራደር ይችላል። አራተኛ ዓመቱን ከጨረሰ ይህ አቅም ስለሚቀንስ የሚቀርብለት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ያንሳል። መልማዮች ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚያዋክቡትም ለዚህ ነው።

የፈረመ ሁሉ ወዲያው ትልቁ ስታዲየም የሚገባ እንዳይመስላችሁ። ወደ ታችኞቹ ሊጎች ተልኮ ዓመታት ይቆያል። በ2023 በተፈረመው ስምምነት መሠረት፣ ሁለት ደረጃ ብቻ በሚቀረው እርከን ላይ ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 30,250 ዶላር ነበር። በአሜሪካ ኑሮ ይህ ቤት ኪራይና ምግብ ሸፍኖ የሚተርፍ አይደለም። ብዙዎቹ ትልቁን ሊግ ሳያዩ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ቤተሰቡ ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ እላለሁ።

አንደኛ፣ የፊርማው ገንዘብ ግብርና የወኪል ክፍያ ከተነሣለት በኋላ ስንት ይቀራል? በጋዜጣ የሚወጣው ቁጥርና ልጁ እጅ የሚገባው አንድ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ውሉ የትምህርት ክፍያ ያካትታል ወይ? ክለቦች የቀረውን የኮሌጅ ትምህርት የሚሸፍን ገንዘብ በመጀመሪያው ውል ላይ ሊጽፉ ይችላሉ። ይህ የሚገኘው በድርድር ስለሆነ ካልጠየቁ ይቀራል። ከስፖርቱ ከወጣ በኋላ ትምህርቱን የሚጀምርበት የጊዜ ገደብ ስላለውም በደንብ ይነበብ።

ሦስተኛ፣ ክንዱ ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል፣ እስከ መቼ?

አራተኛ፣ ልጁ ራሱ ምን ይፈልጋል? ይህ ጥያቄ በቤታችን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። እናት «ዲግሪውን» ትላለች፣ አባት «ዕድሉ አያምልጠው» ይላል፣ ዘመድ በስልክ ያጨበጭባል። የ21 ዓመቱ ልጅ ግን «ፈራሁ» የሚልበት ቦታ ያጣል። ለዚህ ደግሞ ከወላጅ ይልቅ አያት ይሻላል። አያት ዘንድ ፍርሃት መናገር ነውር አይደለም።

ቁጥሩ የሚጀምረው በልጅነት ነው

እስካሁን ያወራነው ስለ ኮሌጅ ልጅ ነው። ነገር ግን የ21 ዓመቱ ክርን የተሠራው ወይም የተጎዳው ከ9 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለቀዶ ሕክምና የደረሱ ወጣት ወርዋሪዎችን ካልተጎዱት ጋር አነጻጸረ። በዓመት ከስምንት ወር በላይ የሚወረውሩት የመጎዳት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። በአንድ ጨዋታ ከ80 በላይ የሚወረውሩት አራት እጥፍ። ክንዳቸው ደክሞ ሳለ አዘውትረው የሚወረውሩት 36 እጥፍ። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት።

በዚህ ምክንያት ሜጀር ሊጉና የአገሪቱ የቤዝቦል ማኅበር በ2014 በዕድሜ የተከፋፈለ መመሪያ አወጡ። በአንድ ቀን ከዚህ በላይ መወርወር የለበትም ይላል፦ ከ7 እስከ 8 ዓመት 50፣ ከ9 እስከ 10 ዓመት 75፣ ከ11 እስከ 12 ዓመት 85፣ ከ13 እስከ 16 ዓመት 95፣ ከ17 እስከ 18 ዓመት 105፣ ለኮሌጅ ዕድሜ 120። ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ከ21 እስከ 35 ከወረወረ አንድ ቀን ይረፍ፤ ከ36 እስከ 50 ሁለት ቀን፤ ከ51 እስከ 65 ሦስት ቀን፤ ከ66 በላይ አራት ቀን። በዓመት ውስጥም ቢያንስ አራት ወር ክንዱን ከውርወራ ያሳርፍ።

እናቶችና አያቶች ሆይ፣ ይህ ለእናንተ የተሰጠ ሥራ ነው። ልጃችሁን ልትጠይቁ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ሄዳችሁ የልጅ ልጃችሁ ጨዋታ ላይ ብትቀመጡ ሕጉን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ መቁጠር ግን ታውቃላችሁ። አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። በውርወራው ቁጥር አንድ ሰረዝ አድርጉ። አሠልጣኙ ማሸነፍ ይፈልጋል፤ ልጁ ሜዳ ላይ መቆየት ይፈልጋል፤ የሁለቱም ፍላጎት ክፉ አይደለም። ግን አንዳቸውም «በቃ» ለማለት አይቸኩሉም። ሰረዞቻችሁ ለዕድሜው የተወሰነውን ያህል ሲሞሉ ለእናቱ አሳዩዋት።

የሚጠየቁትንም ምልክቶች ልንገራችሁ። የክርኑ ውስጠኛ ጎን ያመዋል ወይ? ትንሿና የቀለበት ጣቱ ይደነዝዛሉ ወይ? ክርኑን እንደ ሌላኛው እስከ መጨረሻው ይዘረጋል ወይ? ያለምክንያት ፍጥነቱ ቀንሷል ወይ? ከመጫወቱ በፊት የሕመም ማስታገሻ ይውጣል ወይ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ውርወራ ይቁም፤ ሐኪም ይየው። በተለይ አጥንቱ እያደገ ባለ ልጅ ላይ «ማደግ ነው፣ ይለቀዋል» ተብሎ የሚታለፍ የክርን ሕመም የለም።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ባህል አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ወንድ ልጅ ሕመሙን ዋጥ ሲያደርግ እናደንቀዋለን። «ጎበዝ፣ ቻል አድርገው» እንላለን። ባሕር ማዶ የተወለደው ልጅም ይህንኑ ከቤት ይማራል፤ ሜዳ ላይ ሲሄድ ደግሞ መልማይ እያየው ነው፣ ሕመም ከተናገረ ዋጋው ይወርዳል ብሎ ይፈራል። አባቶቻችን ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ለወርዋሪ ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም። በታኅሣሥ 2024 ሊጉ ራሱ ባወጣው ዘገባ ላይ የክንድ ጉዳት ለምን እንደበዛ ሲያስረዳ፣ ፍጥነትን ማሳደድና እያንዳንዷን ኳስ ባለ በሌለ ኃይል መወርወር ዋና ምክንያት ናቸው ብሏል። ልጆቹም ይህን የሚያደርጉት መልማዩ ራዳሩን ሲያነሣ ስለሚያዩ ነው።

አገር ቤት ሆናችሁ «የእኔ ልጅ ቤዝቦል አያውቅም» የምትሉም ነገሩን አትለፉት። ሯጭም ሆነ እግር ኳስ ተጫዋች የሆነ ታዳጊ ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን እያመመው ለመመረጥ ሲል ዝም ሊል ይችላል። አካሉ ሌላ ቢሆንም ዝምታው አንድ ነው።

ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። የልጅ ልጅዎ መልማይ መጥቶ የሚያየው ከሆነ ብዙ ደክሞ፣ ብዙዎችን አልፎ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት። ገንዘቡን የሚቆጥርለት ብዙ ሰው ይመጣል። እርስዎ በሚቀጥለው ሲደውል «ልጄ፣ ቅዳሜ ስንት ወረወርክ? ክርንህስ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል? ጣቶችህስ?» ይበሉት። መጀመሪያ ይስቃል። ሁለተኛ ሲጠይቁት ይመልሳል። ሦስተኛ ላይ ለአሠልጣኙ ያልነገረውን ሊነግርዎት ይችላል። ከነገረዎት አይደንግጡ፣ አይቆጡትም፤ «ለእናትህ ንገራት፣ ሐኪም ይይህ» ብለው ይምከሩት።

በሚቀጥለው ሳምንት አረጋውያን በበጋ ወራት ውኃ ስለ መጠጣት እንነጋገራለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።